«ምርጥ ዝርያ» ሲባል ለምን የተመረጠ?

ጫጩት ላከፋፈለልን ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊና ባልደረቦች፣

ጉዳዩ፦ «በአያያዝ ጉድለት» ተብለው ከቀጣዩ የዶሮ ስርጭት ስለተሰረዙ 34 ቤተሰቦች

ጤና ይስጥልን።

የምንጽፍላችሁ በመሀል አዲስ አበባ በየጓሯችን ዶሮ የምናረባ ሰዎች ነን። ቤታችን ከገዳም ሰፈር እስከ ቀበና ወንዝ ዳር፣ ከአራት ኪሎ ጀርባ እስከ ካዛንቺስ ተበታትኗል። አብዛኞቻችን ጡረተኞችና ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ነን። ሥራ ያጡ ወጣቶችም አሉን። ግቢያችን ጠባብ ነው። አንዳንዶቻችን ግቢ የምንለው ከኩሽናው ጀርባ ያለችውን ሁለት በሦስት ሜትር ቦታ ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከእናንተ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰን። በሐምሌ ጫጩት ከወሰድነው መካከል 34 ቤተሰቦች «የተሰጣቸውን ምርጥ ዝርያ በአያያዝ ጉድለት ለሞት ዳርገዋል» ይላል። በዚህም ምክንያት ከቀጣዩ ስርጭት ተሰርዘዋል። የሞቱትን ዶሮዎች ማን እንዳያቸው፣ ማን እንደመረመራቸው ግን አይናገርም።

የጽሕፈት ቤቱን ስም በአደባባይ አንጠራም። ጉዳዩ የእናንተ ብቻ ስላልሆነ ነው። ጫጩት የሚያከፋፍል ሁሉ ቢያነበው እንወዳለን።

በደብዳቤያችሁ ውስጥ አንዲት ቃል አለች፤ «ምርጥ» የምትል። ከመምረጥ የመጣች ናት። ታዲያ ማን መረጠው? ለምን መረጠው? የት አገር፣ በምን አየር ውስጥ መረጠው? ቅሬታችን በሙሉ ከዚህ ጥያቄ ይነሳል። አስቀድመን ግን የሆነውን እንንገራችሁ።

ጫጩቶቹን የወሰድነው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጠራችሁን። ካርቶኖቹ የተከፈቱት 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ። የአንድ ቀን ጫጩት የገዛ ራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 32 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ካርቶኖቹ የተደረደሩት በር በተከፈተበት አዳራሽ፣ ሲሚንቶ ላይ ነበር። ሃያ አምስት ሃያ አምስት ተቆጥሮልን ፈርመን ወሰድን። የፈረምንበት ወረቀት «ምርጥ ዝርያ ጫጩት፣ ብዛት 25» ይላል። ከዚያ በላይ ምንም የለውም።

ብዙዎቻችን ያሰብነው ለእንቁጣጣሽ ገበያ ነበር። ለመኖ ከቁጠባ ማኅበር ተበደርን። ጫጩቶቹ አስተዳደጋቸው ለማመን ያስቸግር ነበር። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ልክ ናቸው። ይበላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ተነስተው ደግሞ ይበላሉ። ጎረቤት እየመጣ ያይ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ግን አንዳንዶቹ ከመኖው እስከ ውሃው ለመሄድ መሀል ላይ አርፈው መነሳት ጀመሩ። አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። ከራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ወደ ሰማያዊ ሄደ። ነሐሴ ሲጋመስ ሞቱ ተከተለ።

በገዳም ሰፈር አንዲት እናት አሉ፤ ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። ጫጩቶቹን ከሚተኙበት ክፍል ጥግ ነው ያሳደጓቸው። ሌሊት ከሰል ያነዱላቸዋል። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ወትፈውታል። አንድ ቀን ማለዳ ሲነሱ ሦስቱ ተንጋለው ሞተዋል። ሆዳቸው ተነፍቷል። ፈንግል የሚባለው የዶሮ ወረርሽኝ ገባ ብለው ደነገጡ። ግን ክትባቱን አስከትበዋል፤ የቀሩትም መኖ እየበሉ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ከ25ቱ 14ቱ አልቀው ነበር። እኚህ እናት እናንተ «የአያያዝ ጉድለት» ካላችሁባቸው አንዷ ናቸው። ለጫጩቶቹ ብለው ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጡ ሰው ናቸው።

ቀበና ያለው ወጣት ደግሞ ቤቱን በቆርቆሮና በሽቦ ደህና አድርጎ ሠርቷል። አየር ይገባል፣ ጉዝጓዙ ደረቅ ነው። እሱም 9 ሞተውበታል። አሟሟታቸው ያው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልን። በሁሉም ቤት ቀድመው የሞቱት ትልልቆቹ ናቸው። በረሃብ ወይም በቆሻሻ የሚሞት ቢሆን ቀድሞ የሚወድቀው ደካማው ነው። እኛ ጋ ግን በጣም የወፈረው፣ ለእንቁጣጣሽ ጥሩ ዋጋ ያወጣል ብለን ዓይናችንን የጣልንበት ነው ቀድሞ የሄደው።

አንዲት አባላችን የሚያውቁት የእንስሳት ሐኪም እሁድ ቀን መጥቶ ከሞቱት አራቱን ከፈተልን። አራቱም ሆድ ውስጥ ቢጫ ውሃ ሞልቷል። ጉበታቸው አብጧል። የልባቸው የቀኝ ጎን ተለጥጦ ልል ሆኗል። «ይሄ ፈንግል አይደለም፤ አሳይተስ ነው» አለን። ሆድ ውሃ ሲቋጥር ማለት ነው። ቀጥሎ የጠየቀን ጥያቄ «ዝርያው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። መልስ አልነበረንም። ወረቀቱን አሳየነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እንዳስረዳ አባላቱ አደራ ሰጥተውኛል። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

የሥጋ ዶሮ ዛሬ ያለው መልክ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። በየትውልዱ ቶሎ ያደገው እየተመረጠ፣ እሱው ለዘር እየተተወ ነው። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957፣ በ1978 እና በ2005 የነበሩ የሥጋ ዶሮ ዝርያዎችን በአንድ ላይ፣ አንድ ዓይነት መኖ እየሰጡ አሳደጓቸው። በ56ኛው ቀን የ1957ቱ 905 ግራም መዘነ። የ1978ቱ 1,808 ግራም፣ የ2005ቱ ደግሞ 4,202 ግራም። መኖው አንድ ነው፣ ቤቱም አንድ ነው። የተለያየው ዘሩ ብቻ ነው።

እንዲህ የሚያድግ ሥጋ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅኑን የሚያደርሱት ልብና ሳንባ ናቸው። የዶሮ ሳንባ እንደኛ ሳንባ የሚለጠጥ አይደለም፤ ከጎድን አጥንት ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ብዙ ደም በአንዴ ሲላክበት ሰፍቶ ማስተናገድ አይችልም። ስለዚህ የደም ግፊቱ ሳንባ ላይ ይጨምራል። ወደ ሳንባ ደም የሚገፋው የልብ ቀኝ ጎን ከአቅሙ በላይ ይሠራል፣ ይወጠራል፣ በመጨረሻም ይላላል። ደሙ ወደ ኋላ ይከማቻል። ከጉበት ውሃ እየሰረገ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ሐኪሙ የከፈተልን ይህንን ነው።

አሁን አዲስ አበባን አስቡ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ዶሮው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለእኛ፣ እዚህ ተወልደን ላደግነው፣ አይታወቀንም። በስድስት ሳምንት ሥጋ እንዲሞላ ለተመረጠ ዶሮ ግን የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። በሽታው በዶሮ አርቢዎች ዘንድ ቀድሞ በስፋት የታወቀው እንደ ቦሊቪያ፣ ፔሩና ሜክሲኮ ባሉ አገሮች ደጋ ላይ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

ብርዱ ደግሞ አለ። ዶሮ ሲበርደው ሙቀት ለማመንጨት ተጨማሪ ኦክስጅን ያቃጥላል። የክረምት ሌሊት ያለ መብራት እንዴት እንደሚያድር ታውቁታላችሁ። በዚህ ላይ ከሰል ሲነድና መስኮት ሲዘጋ ያለችውም አየር ትቀንሳለች። እኛም ጋ ስህተት ነበር፤ አንክድም። የገዳም ሰፈሯ እናት መስኮቱን መዝጋት አልነበረባቸውም። ግን ማን ነገራቸው? የዕድሜ ልክ ልምዳቸው ያስተማራቸው ጫጩትን ከብርድ መጠበቅ ነው። ለሀበሻ ጫጩት ቢሆን ትክክል ነበሩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በተለይ እንድታነቡልን እንለምናለን፤ ምክንያቱም የደብዳቤያችሁ ሐሳብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። እናንተ እንስሳው ችግር ሲገጥመው መቋቋም ካቃተው ጥፋቱ የአርቢው ነው ትላላችሁ። እንስሳ ግን ብርድን፣ ጉዞን፣ ጭንቀትን የሚቋቋምበት አቅም በአያያዝ ብቻ አይወሰንም። ከወላጅ ይወረሳል። ሰው እየመረጠ ባራባ ቁጥር ይለውጠዋል፤ አንዳንዴ አስቦበት፣ አንዳንዴም ሳያስበው።

አስቦበት የለወጠ ሰው ታሪክ አለ። ድሚትሪ ቤልያዬቭ የሚባሉ የሶቪየት የዘረመል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ለፀጉራቸው የሚረቡ ቀበሮዎችን በኖቮሲቢርስክ ማዳቀል ጀመሩ። ሉድሚላ ትሩት የምትባል ሳይንቲስት ሥራውን አብራ ያዘችው። የመረጡበት መስፈርት አንድ ብቻ ነበር፤ ሰውን አለመፍራት። በየትውልዱ ገራሙን ለዘር አስቀሩ። ከ12 ትውልድ በኋላ በቀበሮዎቹ ደም ውስጥ የሚገኘው የጭንቀት ሆርሞን ካልተመረጡት ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር። ከ28 እስከ 30 ትውልድ ሲደርስ እንደገና በግማሽ ቀነሰ። ይህ ሆርሞን የሚመነጨው ከኩላሊት በላይ ካለችው አድሬናል ከምትባለው ዕጢ ነው። ዕጢዋን የሚያዝዘው ደግሞ አንጎል ነው። ማንም መድኃኒት አልሰጣቸውም። ወላጅ በመምረጥ ብቻ የእንስሳው የውስጥ አሠራር ተለወጠ።

በወፍም ተሞክሯል። በአሜሪካ ሉዊዚያና ተመራማሪዎች ድርጭቶችን ለጥቂት ጊዜ ጠፍረው እየያዙ ደማቸውን መረመሩ። ሲያዙ ኮርቲኮስቴሮን የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ብዙ የሚፈስላቸውን ለብቻ፣ ትንሽ የሚፈስላቸውን ለብቻ አራቡ። በጥቂት ትውልድ ሁለት የተለያዩ ዘሮች ሆኑ። አንዱ በትንሽ ነገር የሚደናገጥ፣ ሌላው የሚረጋጋ። አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት አያያዝ ነው ያሳደጋቸው።

ሳያስብ የለወጠም አለ። አሳማ አብዛኞቻችን ቤት የማይገባ እንስሳ ነው፤ ምሳሌው ግን ለነገራችን ሁነኛ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ስብ የሌለው ሥጋ ያለው አሳማ እየተመረጠ ሲራባ አንድ ክፉ ነገር ተከትሎ መጣ። መኪና ላይ ሲጫኑ፣ ሲጋፉ፣ ሲሞቃቸው አንዳንዶቹ ጡንቻቸው ይደርቃል፣ ሙቀታቸው በአንዴ ይንራል፣ እዚያው ይሞታሉ። ከጎኑ የቆመው፣ በዚያው መኪና የተጫነው ደህና ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 የካናዳ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት። ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም የሚለቅ በር አለ፤ የበሩን አሠራር የሚወስነው ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። ሥጋ ሲመርጡ ያቺን ፊደል ሳያውቁ አብረው መረጧት። ካወቁ በኋላ ግን መርምረው ከዘሩ ማውጣት ቻሉ። ነጂውን በመቅጣት አልነበረም ያቆሙት።

ለአሳይተስም እንዲሁ ተሠርቷል። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግፊቱ በተቀነሰ ክፍል ውስጥ፣ የተራራ ላይ አየር አስመስለው ዶሮ አሳደጉ። የሚቋቋሙትን ለብቻ፣ የሚጋለጡትን ለብቻ አዳቀሉ። ሁለቱም ዘሮች ተገኙ። ከፍታን የሚቋቋም ዶሮ መምረጥ ይቻላል ማለት ነው። እንግዲህ ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች የሚሰጠው ዶሮ በየትኛው በኩል የተመረጠ እንደሆነ መጠየቅ መብታችን ይመስለናል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን በግሌ ያሳዘነኝ እሱ ነው። የሀበሻ ዶሮ ሲከፋት ታውቃለህ። ጭልፊት ሲያንዣብብ ትጮኻለች፣ ጫጩቶቿ ይበተናሉ። ሲያማት ላባዋን ነፍታ ጥግ ትይዛለች። ለማዳ ዶሮዎች ከዱር ዘመዶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለጭንቀት የሚሰጡት የሆርሞን ምላሽ ደብዘዝ ያለ እንደሆነ ጥናቶች አሳይተዋል። በዚያ ላይ የሥጋ ዶሮ በባሕርይው ብዙ አይንቀሳቀስም። ጫጩቶቻችን ጸጥ ብለው ሲቀመጡ ጠግበው፣ ተመችቷቸው መስሎን ደስ አለን። ልባቸው እየደከመ ነበር። ከእናቶቻችን የተማርነው ምልክት ሁሉ እነዚህ ላይ አልሠራም። አዲስ ዓይነት እንስሳ ከሰጣችሁን አዲሱን ምልክትም ልትነግሩን ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን።

የመጀመሪያው የዝርያው ጉዳይ ነው። በክረምት፣ በዚህ ከፍታ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር፣ በፍጥነት የሚያድግ የሥጋ ዶሮ ለጓሮ አርቢ ማደል ትክክል አልነበረም። ቀስ ብለው የሚያድጉ፣ እንቁላልም ሥጋም የሚሰጡ ዝርያዎች አሉ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የሆሮ ዶሮ ለብዙ ትውልድ ሲመረጥና ሲሻሻል ቆይቷል። አንገተ መላጣውን የአገራችንን ዶሮ ሞቃት ቦታ ያሉ አርቢዎች የሚወዱት ሙቀት ስለሚችል ነው። ለቆላው የሚስማማ እንዳለ ሁሉ ለደጋውም የሚስማማ መፈለግ አለበት። «ምርጥ» ማለት ለሁሉም ቦታ ምርጥ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው፣ ምንም አልተነገረንም። ግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጥታችሁናል፤ ስለ ክትባትና ስለ ንጽሕና ነበር። ጠቃሚ ነው። ግን በደጋ የሥጋ ዶሮ ሲረባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኖውን መጠን በማድረግ፣ ሌሊት ጨለማ በመስጠት እድገቱን ማዘግየት ሞትን እንደሚቀንስ የጠቀሰ አልነበረም። እኛ በተቃራኒው ሌሊት አምፖል አብርተን እንዲበሉ እናደርግ ነበር። ቶሎ ይደርሱልናል ብለን።

ሦስተኛው የኬጁ፣ የሽቦ ቤቱ፣ ጉዳይ ነው፤ እሱን ከሌላው ለይተን እናነሳዋለን። ካዛንቺስ አካባቢ ያሉ አምስት አባሎቻችን ባለፈው ዓመት እንቁላል ጣይ ቄቦች ከነኬጃቸው ወስደዋል። በአጠገባቸው ቤት ይፈርሳል፣ ሕንጻ ይሠራል። ጃክሃመሩ ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ዶሮዎቹ እርስ በርስ መነካከስ ጀመሩ። ላባ ተነጨ፣ ከዚያ ደም፣ ከዚያ ሞት። አንዲት አባል ጠዋት ስትነሳ አንዷን ዶሮ ሌሎቹ አንጀቷን ጎትተው አገኘቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇ እንቁላል አይበላም። ለእናንተ ስትነግራችሁ የተሰጣት መልስ «በደንብ ያዢያቸው» የሚል ነበር።

ይሄም ቢሆን በዘር ይወሰናል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ዊሊያም ሙር ለዘር የሚሆኑትን ሲመርጡ አንዲቷን ብዙ የምትጥል ዶሮ አልተመለከቱም። ኬጁን በሙሉ እንደ አንድ ቤተሰብ ቆጥረው፣ አብረው ተስማምተው በሕይወት የቆዩትንና የጣሉትን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ውጤት መሠረት፣ በጋራ ኬጅ የዓመቱ ሞት በሁለተኛው ትውልድ ከነበረበት 68 በመቶ በሦስተኛው ትውልድ ወደ 8.8 በመቶ ወረደ። ምንቃራቸው እንኳን አልተቆረጠም። ለብቻዋ ሻምፒዮን የሆነችው ዶሮ ጎረቤቷን ነክሳ ሊሆን ይችላል ሻምፒዮን የሆነችው። በጠባብ ኬጅ፣ በጩኸት መሀል እንድናረባ የምታደርጉን ከሆነ ለዚያ የተመረጠች ዶሮ ፈልጉልን፤ ካልሆነም ኬጁን ተዉልን።

አራተኛው አጭር ነው። የሞተ ዶሮ ስናስመዘግብ አንድም ባለሙያ መጥቶ አላየም። የሞቱትን ይዘን የመጣን ሰዎች ነበርን፤ «አስወግዱት» ተባልን። ከዚያ በኋላ ግን ምክንያቱ ተጽፎ መጣልን።

ላም ያላቸው አባሎቻችንም ተመሳሳይ ነገር ያነሳሉ። ይህ ደብዳቤ የዶሮ ነው፤ የእነሱን ለብቻ እናመጣዋለን።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው። ከሁሉ በፊት 34ቱ ቤተሰቦች ወደ ዝርዝሩ ይመለሱ። «በአያያዝ ጉድለት» የሚለውም ከመዝገባቸው ይፋቅ። ለገና የሚሆነው ስርጭት ሊጀመር ነው ተብሏል፤ ስለዚህ መልሱ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቢደርሰን ነው የሚጠቅመን። ከቁጠባ ማኅበር የተበደሩት አባሎች ብድሩን የሚከፍሉበት ጊዜ እንዲራዘም የሞቱን ምክንያት የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ከፈለጋችሁ የእንስሳት ሐኪሙ ያየውን ቀርቦ ለማስረዳት ፈቃደኛ ነው።

ከእንግዲህ ጫጩት ስታድሉ በምንፈርምበት ወረቀት ላይ የዝርያው ስም ይጻፍ። ለሥጋ ነው ለእንቁላል የተመረጠው? ለየትኛው ከፍታና ለየትኛው አየር ይስማማል? በስንት ሳምንት ስንት ይመዝናል? አራት መስመር ይበቃዋል። ሻጩም ያውቀዋል፤ ሳትገዙት በፊት ጠይቁት።

በክረምት የአንድ ቀን የሥጋ ጫጩት ለጓሮ አርቢ አይታደል። የሚታደል ከሆነ በ45 ቀኑ፣ ከብርድ ካመለጠ በኋላ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዝርያ ይሁን። ርክክቡ በጠዋት ይለቅ፤ ካርቶኖቹ ሲሚንቶ ላይ አይደርደሩ። ዶሮ ሞተ ተብሎ ሲነገራችሁ ቢያንስ ሁለቱን የሚከፍት ባለሙያ ላኩ። ሳይከፈት ምክንያት አይጻፍ።

ሥልጠናውን እኛም ልናግዝ እንችላለን። የአሳይተስን ምልክት በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ከነሥዕሉ አዘጋጅቼ ለአባሎቻችን አባዝቻለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ቢፈልገው ያለ ምንም ክፍያ ይውሰደው። የገዳም ሰፈሯ እናት አሁን መስኮታቸውን ክፍት አድርገው በሽቦ ወንፊት ሸፍነዋል። የተረፏቸውን 11 ዶሮዎች ሸጠው የብድሩን ሦስተኛ እጅ ከፍለዋል። ለገናው ስርጭት ስማቸው እንዲገባ ይፈልጋሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

የጓሮ ዶሮ አርቢዎቹ ማኅበር ጸሐፊ፣
ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ሊቀ መንበር
ለ34ቱ ቤተሰቦች